ከስክሱን ከመቀበልህ በፊት

በማሠልጠኛ የመጀመሪያ ሳምንት የወታደር ምልምልን ከሰልፍ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ድካም ሳይሆን ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ነው። በጦርነት ጊዜ ሥልጠናው ስለሚጣደፍ እግር እስኪለምድ የሚጠብቅህ የለም። ስለዚህ ልምምዱን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጥሪው በደረሰህ ማግስት ጀምር።

መርካቶ ሂድና ጠንካራ የቆዳ ቦቲ ግዛ። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ሂድ፤ ወፍራም ካልሲ አድርገህ ለካ። ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ስትራመድ ግን ተረከዝህ ከፍ ዝቅ ካለ ተወው። ሬንጀር ልብስ አትግዛ። እዚያው ይሰጥሃል፤ ከተማ ውስጥ ለብሰኸው ብትገኝ ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቤት ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት አድርገው። በሦስተኛው ቀን ከለገሃር ተነስተህ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት ውጣ፤ በዚያው ተመለስ። ዳገቱ ተረከዝህን፣ ቁልቁለቱ የጣትህን ጫፍ ይፈትናል፤ የትኛው ቦታ እንደሚፋቅ ቀድመህ ታውቃለህ። ከሳምንት በኋላ ቦርሳህ ውስጥ 5 ኪሎ ዱቄት ጨምር፤ ቀጥሎ 10 ኪሎ አድርገህ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጣ። በየሁለት ቀኑ አንድ ቀን እረፍ፤ ቅልጥምህ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማህ ሸክሙን አውርድ። ካምፕ የሚሰጥህ ከስክስ ሌላ ቢሆንም የጠነከረው ቆዳ የራስህ እግር ስለሆነ ልፋቱ ከንቱ አይቀርም።

«ጫማውን ውሃ ነክረህ እግርህ ላይ አድርቀው» የሚሉህን አትስማ፤ ቆዳው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ከረጠበብህ ጋዜጣ ወትፈህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው እንጂ እሳት አጠገብ አታድርገው።

እግርህ አንድ ቦታ ላይ ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቆመህ ፕላስተር ለጥፍ። ውሃ ከቋጠረና ትንሽ ከሆነ አትንካው። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለህ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከጠርዙ በኩል ብሳው፤ ውሃውን አፍስሰህ ሸፍነው። የላይኛውን ቆዳ አትላጠው፤ ከሱ የተሻለ ፋሻ የለም። ጥፍርህን ከመሄድህ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብለህ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ።

ቦርሳህ ቀላል ይሁን፦ ስድስት ጥንድ ካልሲ፣ ነጠላ ጫማ፣ ቫዝሊን፣ ፕላስተር፣ መርፌና ክር፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ። ሴት ምልምሎች የሁለት ወር ሞዴስ ይያዙ፤ እዚያ ገበያ ቅርብ ላይሆን ይችላል። እናትህ ብዙ መቋጠሯ አይቀርም፤ ሌላውን ትተህ 2 ኪሎ በሶና ትንሽ ጭኮ ተቀበል። ሁለቱም ቶሎ አይበላሹም፣ ምግብ ማብሰያ አይፈልጉም። ስልክህን ሊሰበስቡት ስለሚችሉ የቤተሰብህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ። የባንክ ሒሳብ ወይም የቤት ኪራይ ጉዳይ ካለህ ሳትሄድ ለምትተማመንበት ሰው ውክልና ስጥ፤ ከካምፕ ሆነህ ይህን ማስተካከል ጣጣ ነው።

ልብስና ጫማ ሲታደል ጠቦህ ከሆነ እዚያው፣ በዕለቱ ተናገር፤ ወይም ከጓደኛህ ጋር ተለዋወጥ። ማታ ላይ ማንም አይሰማህም። አሠልጣኝህን «ጋሼ» አትበለው፤ ማዕረጉ አለ፣ ሃምሳ አለቃ ከሆነ «ሃምሳ አለቃ» በለው። ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ትነሳለህ ብለህ ጠብቅ፤ ካልሲህንና ጫማህን በጨለማ የምታገኝበት ቦታ አስቀምጥ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያሉት የሁርሶ ወይም የብላቴ ማሠልጠኛ ስትደርስ ትንፋሽ አያስቸግርህም፤ የሚጥልህ ሙቀቱ ነው። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከኮዳህ ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ጠጣ፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አትለፍ፣ ያለ ጨው የተጋተ ውሃም ያሳምማል። ተቅማጥ ከያዘህና ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት) ካጣህ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ፤ ሁሉም ለጥ ያለ ማንኪያ ይሁን። ጓደኛህ መዘባረቅ ከጀመረ ግን ድካም ነው ብለህ አትለፈው፦ ጥላ ውስጥ አስተኛው፣ ልብሱን አውልቅ፣ ውሃ እያፈሰስክ አራግብለት፣ ሐኪም አስጠራ። የስንብት ማታ ጠጥቶ የሚመጣ ምልምል በመጀመሪያው ቀትር ቀድሞ ይወድቃል።

ቆላ ከሆነ በአጎበር ተኛ። የወባ ትኩሳት የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ስለሆነ «የመንገድ ድካም ነው» ብለህ አትደብቀው፤ በዕለቱ ደም ተመርመር። በተጨናነቀ ማደሪያ ቅማልም አለ፤ ተስቦንና ግርሻን (የሚያገረሽ ትኩሳትን) የሚያስተላልፈው እሱ ስለሆነ ልብስህን በፈላ ውሃ ዘፍዝፍ፣ ስፌቱን ደግሞ ፀሐይ ላይ ገልብጠህ ፈትሽ።