በጅማ ደኖች ድኩላን ያመናመነው አደን ነው ወይስ የመኖሪያ መራቆት? የመለያ መንገድ

በጅማ ዞን የቡና ደኖች፣ ለምሳሌ በበለጠ ጌራ፣ «ድኩላ ጠፋ» በተባለ ቁጥር አንዱ አዳኙን፣ ሌላው ለቡና ሲባል የሚደረገውን የጥሻ ምንጣሮ ይወቅሳል። ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ በመሆኑ የትኛው የት እንደሚበረታ ሳይለዩ የሚወሰድ እርምጃ ጉልበት ያባክናል። የሚከተለው አሠራር የደን ተጠቃሚ ማኅበራትና የቀበሌ ግብርና ባለሙያዎች ያለ ብዙ ወጪ ሊሠሩበት የሚችሉት ነው።

በዓይን የታየውን ድኩላ ብቻ መቁጠር ያሳስታል። ድኩላ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚኖር፣ ቀን በጥሻ ተሸሽጎ ንጋትና ምሽት ላይ የሚሰማራ እንስሳ ነው፤ አዳኝ ሲበዛበት ጭራሹን ሌሊት መሰማራትን ስለሚመርጥ ቁጥሩ ብዙም ሳይቀንስ ከሰው ዓይን ሊሰወር ይችላል። በአንጻሩ ከዋንዛና ከሳሳ ዛፎች ጥላ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ሲመነጠር የቀሩት ጥቂቶች በቀላሉ ስለሚታዩ፣ እያነሱ ሳለ የበዙ ይመስላሉ። ስለዚህ ዋናው መረጃ ኮቴውና በጠጡ ሊሆን ይገባል።

ለዚህም አንዱን ምንጣሮ ከበዛበት የቡና ደን፣ ሌላውን ጥሻው ካልተነካ ጫካ መርጦ፣ በእያንዳንዳቸው የ1 ኪሎ ሜትር መስመሮችን ማስመር ነው። በየ100 ሜትሩ ስፋቱ እኩል የሆነ ቦታ ይከለልና አሮጌው በጠጥ ይጠረጋል፤ ከ7 ቀን በኋላ ተመልሶ አዲሱን መቁጠር ነው። መጀመሪያ ሳይጠርጉ መቁጠር ጥሩ አይደለም፤ በክረምት ዝናቡና ጥንዚዛው በጠጡን ቶሎ ሲያጠፉት በበጋ ግን ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ንጽጽሩ የእንስሳውን ሳይሆን የወቅቱን ልዩነት ያሳያል። ለቀማው ተጠናቅቆ ደኑ ከሰው ግርግር ጋብ የሚልበት የካቲት ለሥራው ይመቻል። ፍየልና በግ የሚሰማሩበትን ቦታ መተው ያሻል፤ ኮቴያቸውም በጠጣቸውም ከድኩላ ጋር ይመሳሰላል። የሚዳቋ ምልክት አነስ ያለ ነው፤ አጠራጣሪውን «ያልተለየ» ብሎ መመዝገብ ከመገመት ይሻላል።

በዚያው መስመር ላይ መሸሸጊያውም መለካት አለበት። ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ በትር በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በቀይና በነጭ ቀለም ይቀባል፤ አንድ ሰው 15 እርምጃ ርቆ ያቆመዋል፤ ሌላው በርከክ ብሎ በቅጠል ያልተሸፈኑት የቀለም ክፍሎች ስንት እንደሆኑ ይጽፋል። አምስቱም ከታዩ ድኩላ ግልገሏን የምትደብቅበት ስፍራ የለም ማለት ይቻላል።

የአደን ጫና የሚታወቀው በምልክቱ ነው፦ ጎብጦ የታሰረ ለጋ ግንድ፣ በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ የገመድ ወይም የሽቦ ቀለበት፣ እንስሳውን ወደዚያው የሚመራ የቅርንጫፍ አጥር፣ እንዲሁም የሰውና የውሻ ዱካ ጎን ለጎን። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ሰው በቀጥታ ሲጠየቅ ይሸሽጋል፤ ስለዚህ ሽማግሌዎችን ማን እንዳደነ ሳይሆን እንስሳው የት የት ይታይ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥሻው እያለ ወጥመድ በዝቶ በጠጡ ካነሰ፣ ጥርጣሬው ወደ አደን ያመዝናል። ድኩላ ስድስት ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል በመሆኑ የእናቶች መገደል ቶሎ አይተካም። ወጥመድ ሳይኖር በትሩ ከላይ እስከ ታች ከታየ ግን ጥርጣሬው ወደ መኖሪያ መራቆት ስለሚያመዝን ጥበቃ ብቻውን ድኩላውን አይመልሰውም። ከሁሉም የከፋው ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ነው፤ ጥሻ በሌለበት ድኩላው የሚሰወርበት ስለሚያጣ ጥቂት ውሾች ብዙ ጉዳት ያደርሳሉ። እንዲህ ባለው ስፍራ በእኔ እምነት መቅደም ያለበት ወጥመድ ማስነሣትና ውሾችን ማሰር ነው፤ ይህ በቀበሌው ስምምነት ዛሬውኑ ሊጀመር ሲችል ጥሻው እስኪያገግም ግን ጊዜ ይወስዳል። ለቡናውም እምብዛም በማይጎዳ መልኩ የወንዝ ዳርና ገደላማ ቦታዎች ሳይመነጠሩ ቀርተው ከጫካው ጋር እንዲያያዙ ማድረግ ይቻላል። ለውጡ የሚታወቀው በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው መስመር፣ ከተቻለም በዚያው ሰው ሲቆጠር ነው።