አዲስ ግዛት አሜሪካን ሲቀላቀል የሁለቱ ሴናተሮች የሥራ ዘመን እንዴት ይደለደላል?

የአሜሪካ ሴናተሮች ለ6 ዓመት ቢመረጡም ሁሉም በአንድ ጊዜ ለምርጫ አይቀርቡም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 1 ክፍል 3 አባላቱ በተቻለ መጠን እኩል በሆኑ ሦስት ምድቦች እንዲከፈሉ፣ በየ2 ዓመቱም የአንደኛው ምድብ የሥራ ዘመን እንዲያበቃ ያዛል። ስለዚህ አዲስ ግዛት በገባ ቁጥር ሁለቱ ሴናተሮቹ የትኞቹ ምድቦች ውስጥ እንደሚገቡ መወሰን ግድ ይሆናል። ውሳኔው የፕሬዚዳንቱም፣ የፓርቲዎቹም፣ የግዛቱም አይደለም፤ መጀመሪያ በቆጠራ፣ ቀጥሎም በዕጣ ይለያል።

ሥራው የሚጀምረው በየምድቡ ስንት መቀመጫ እንዳለ በመቁጠር ነው። በአሁኑ ጊዜ አንደኛውና ሁለተኛው ምድብ 33፣ ሦስተኛው ደግሞ 34 መቀመጫ አላቸው። ሁለቱ አዳዲስ ሴናተሮች ሲጨመሩ በትልቁና በትንሹ ምድብ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ መብለጥ የለበትም፤ የአንድ ግዛት ሁለት ሴናተሮችም በአንድ ምድብ አይቀመጡም።

ቀጥሎ ዕጣው ይዘጋጃል። ሦስቱ ምድቦች እኩል ከሆኑ 1፣ 2 እና 3 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ሳጥን ውስጥ ይገቡና እያንዳንዱ ሴናተር አንድ አንድ ያወጣል፤ ሦስተኛው ወረቀት እዚያው ይቀራል። አላስካ እ.ኤ.አ. በጥር 1959 ስትገባ እያንዳንዱ ምድብ 32 መቀመጫ ስለነበረው ዕጣው ክፍት ነበር፤ ቦብ ባርትሌት ሁለተኛው፣ ኧርነስት ግሩኒንግ ሦስተኛው ምድብ ደረሳቸው። ሁለት ምድቦች በአንድ የሚያንሱ ከሆነ ግን የሚዘጋጁት የእነዚያ የሁለቱ ቁጥሮች ብቻ ናቸው።

አስቸጋሪው አንድ ምድብ ብቻ ሲጎድል ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 የመጀመሪያዎቹ 20 ሴናተሮች 7፣ 7 እና 6 ሆነው ተመድበው ሳለ የኒው ዮርክ ሁለት ሴናተሮች ዘግይተው ደረሱ። ከሁለቱ አንዱ ወደ ሦስተኛው ምድብ መግባት ስለነበረበት፣ የሴኔቱ ጸሐፊ 3 ቁጥር የተጻፈበትንና አንድ ባዶ ወረቀት ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ሩፈስ ኪንግ 3 ቁጥርን አወጣ። ባዶው የደረሰው ፊሊፕ ስካይለር በ1 እና በ2 መካከል ሁለተኛ ዕጣ አውጥቶ አንደኛው ምድብ ገባ።

ሃዋይም በነሐሴ 1959 ስትገባ የጎደለው አንደኛው ምድብ ብቻ ነበር። ሃይረም ፎንግ አንደኛው፣ ኦረን ሎንግ ሦስተኛው ምድብ ደረሳቸው፤ ዛሬ ሦስተኛው ምድብ በአንድ መቀመጫ የሚበልጠው በዚያ ዕጣ ምክንያት ነው። ሃዋይን ያስገባው ሕግ ሁለቱ መቀመጫዎች በምርጫው ወቅት ተለይተው እንዲሰየሙ ቢያዝም፣ ስያሜው የሥራ ዘመንን እንደማያመለክትና ምድቡን የመወሰን መብት የሴኔቱ እንደሆነ በግልጽ አስፍሯል። ይህ ጥንቃቄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ረጅሙን ዘመን አስቀድሞ ለራሱ የሚያመቻች ተወዳዳሪ አይኖርምና።

ዕጣው ከወጣ በኋላ የሥራ ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን የምድቡ ቀን ነው፤ ሴናተሩ መቼም ይግባ መቼ 6 ዓመት አይቆጠርለትም። የአይዳሆው ዊልያም ማኮኔል ታኅሣሥ 18 ቀን 1890 ሥራ ጀምሮ መጋቢት 3 ቀን 1891 ዘመኑ አብቅቷል፤ የግዛቱ ሌላው ሴናተር ጆርጅ ሹፕ ግን እስከ 1895 የሚዘልቀው ዕጣ ደርሶታል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ግዛት እንድትሆን የሚጠይቀው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት በ2020 እና በ2021 ቢያልፍም በሴኔቱ አልጸደቀም። ቢሳካና ለምሳሌ በ2027 ብትገባ፣ አሁን የሚያንሱት አንደኛውና ሁለተኛው ምድብ ስለሆኑ ሁለት ወረቀቶች ብቻ ይዘጋጃሉ። 1 ቁጥር የወጣለት እስከ ጥር 3 ቀን 2031፣ 2 ቁጥር የወጣለት ደግሞ እስከ ጥር 3 ቀን 2033 ያገለግላል። ያኔ ሦስቱም ምድቦች 34 ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ግዛት እንደ አላስካ ሦስቱም ቁጥሮች ሳጥን ውስጥ ይገባሉ።