ዓሣዬ በድንገት ሞተ፤ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አብሽሩ። እኔም ደርሶብኛል። ባለፈው ክረምት እዚሁ ደሴ፣ ጠዋት ስነሳ ወርቃማዋ ዓሣችን በጎኗ ተንሳፋለች። ማታ ደህና ነበረች። ልጄ አለቀሰ። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የሞተውን ቶሎ አውጡት። ከቆየ ይበሰብስና አሞኒያ ይፈጥራል፤ የቀሩትን ይመርዛል። ከዚያ የቀሩትን እዩ። ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ካደረጉ ኦክስጅን አጥሯቸዋል ወይም ውሃው ተበክሏል። ማታ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሞ ይሆን? ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ፓምፕ ከሌለ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል።

የኔ ስህተት ግን ሌላ ነው። ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ በቀጥታ ከቧንቧ ሞላሁት። በዚያ ብርድ! በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የዓሣን መተንፈሻ ይጎዳል፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜም አይችሉም። አሁን ክሎሪኑ እንዲተንና ብርዱ እንዲቀንስ ውሃውን በባልዲ ሳልከድን ቤት ውስጥ አንድ ቀን አሳድራለሁ፤ የምቀይረውም ሩቡን ብቻ ነው። የፊልተሩን ስፖንጅ ደግሞ ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ አለቀልቃለሁ። የቧንቧ ውሃ ስፖንጁ ላይ የሚኖሩትን፣ አሞኒያውን የሚያስወግዱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል።

አንድ ሁለት ቀን ምግብ አትስጡ። በግምት መድኃኒት አትጨምሩ። የቀሩትንም «ይገላገሉ» ብላችሁ ሐይቅ ወስዳችሁ እንዳትለቁ፤ በሽታ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ።

የኛዋን ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበርናት።