ብረት ያልተመታ የፈረስ ኮቴ እንዴት ይከረከማል?

በገጠራችን አብዛኛው ፈረስ ያለ ብረት ጫማ ነው የሚኖረው። ምንም ነውር የለውም። በደንብ የተያዘ ኮቴ ሰው ተሸክሞም ቢሆን ድንጋያማ መንገድ ይችላል። የሚያሳዝነው ጫማ የሌለው ፈረስ ክርከማም የማያስፈልገው አድርገን መቁጠራችን ነው።

ኮቴ እንደ ጥፍራችን ሁልጊዜ ያድጋል። በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ በደረቅና ጠጠራማ መሬት የሚንቀሳቀስ ፈረስ ያደገውን ያህል እየረገጠ ይጨርሰዋል። ለስላሳ ሣር ላይ ታስሮ የሚውልና አልፎ አልፎ ብቻ የሚጋለብ ፈረስ ግን ያደገው ሁሉ እላዩ ላይ ይቀራል። የኮቴው ጫፍ ይረዝማል፣ ተረከዙ ወደ ፊት ይሸሻል። ከዚያ መደናቀፍ ይመጣል፣ ጅማቱም ይጎተታል። ስለዚህ በየ6 ሳምንቱ አካባቢ ትንሽ ትንሽ ማንሳት ነው። ቆይቶ ብዙ መቁረጥ ፈረሱን ያሳምመዋል።

ዕቃው

ቆሻሻ የሚፈለፍሉበት ጫፉ ቆልመም ያለ ብረት፣ ደረቅ ብሩሽ፣ የኮቴ ቢላ፣ መቁረጫ ጉጠት፣ ትልቅ ሞረድና ወፍራም ጓንት ያዘጋጁ። ጀማሪ ከሆኑ ጉጠቱን ይተዉት። ጉጠት አንዴ የቆረጠውን መመለስ አይቻልም። ሞረድ ቀስ ብሎ ስለሚበላ መቼ ማቆም እንዳለብዎት ያሳይዎታል። የመጀመሪያዎቹን ክርከማዎች ደግሞ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

እግሩን ማንሳት

ፈረሱ የሚያምነው ሰው ገመዱን ይያዝለት። መሬቱ ደረቅና ደልዳላ ይሁን። ከትከሻው ጎን ቆመው ፊትዎን ወደ ጭራው ያዙሩ። እጅዎን ከትከሻው ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በቀስታ ያውርዱ። እግሩን ሲያነሳ በጉልበቶችዎ መሃል ይያዙት። የኋላውን እግር በጭንዎ ላይ ያሳርፉት፤ በቀጥታ ከኋላው ግን አይቁሙ። ቶሎ ቶሎ ያሳርፉት። በሦስት እግር መቆም ለፈረስ አድካሚ ነው፣ በተለይ ላረጀ ፈረስ።

ከመሞረድ በፊት ማየት

ጭቃውንና ጠጠሩን ከተረከዝ ወደ ጫፍ እየጎተቱ ያውጡና በብሩሽ ይጥረጉ። አሁን የኮቴው ሥር ይታያል። ዙሪያውን ጠንካራው ጠርዝ አለ። ከጠርዙ ቀጥሎ ቀጭን ነጭ መስመር፣ ከዚያ ወዲያ ሶሉ ነው። ከተረከዙ ተነስቶ ወደ መሃል የሚገባው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ደግሞ ፈረሱ ሲረግጥ ግፊቱን ይቀበላል።

ሶሉ ላይ ነጭ፣ ዱቄት የመሰለና በቢላ ሲነካ የሚፈረካከስ ነገር ካለ የሞተ ስለሆነ ሊጠረግ ይችላል። ከሥሩ ለስለስ ያለ፣ ወዝ ያለው ክፍል ሲመጣ ያቁሙ። ያ ሕያው ነው። ሶሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ ካለ በጣም ሳስቷል ማለት ነው። ሮዝ ቀለም ካዩ ደግሞ ደም ቅርብ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑንም ለማሳመር ብለው አይቅረጹት፤ የተንጠለጠለ ቁራጭ ካለ ብቻ ያንሱለት። ሶሉን አለመንካት ከክርከማው ሁሉ ከባዱ ትምህርት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ቢላ የያዘ እጅ መቁረጥ ይወዳል።

መሞረድ

ከተረከዙ ይጀምሩ። ከሶሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ እስኪቀር ድረስ ሁለቱንም ጎን እኩል ያውርዱ። እኩል መሆኑን ለማወቅ እግሩን ሳያጠብቁ ይያዙትና ከተረከዝ ወደ ጫፍ በአንድ ዓይን ይመልከቱ። ከዚያ ሞረዱን አግድም አድርገው የጠርዙን ዙሪያ ያስተካክሉ።

በመጨረሻ እግሩን ወደ ፊት አውጥተው ጉልበትዎ ላይ ወይም ዝቅ ያለ ግንድ ላይ ያሳርፉት። የጠርዙን ጫፍ ከላይ በኩል በ45 ዲግሪ ገደማ እየሞረዱ ያድቦልቡሉት። ይህች ሥራ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ስለት የሆነ ጠርዝ ድንጋይ ሲያገኘው ይሸረፋል፣ ስንጥቁም ወደ ላይ ይወጣል። እግሩን መሬት ላይ አስቁመው ከጎን ይዩት። ከኮቴው በላይ ያለው አጥንትና የኮቴው ፊት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ ጨርሰዋል። የፊት ኮቴ ክብ፣ የኋላው ሾል ያለ ስለሆነ አንድ ዓይነት ለማድረግ አይድከሙ።

ለጥምቀት ጉግስ ወይም እንጅባራ ላይ ጥር 23 ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረስ የሚያዘጋጅ ሰው ክርከማውን ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት ይጨርስ። በዋዜማው የተከረከመ ኮቴ ድንጋይ ሊቆረቁረው ይችላል።

ሽታና ሙቀት

ክረምት ላይ ጭቃና እበት ውስጥ የሚቆም ፈረስ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ይበሰብሳል። ጥቁር ፈሳሽና ክፉ ሽታ ካገኙ በየቀኑ አጽድተው ያድርቁት፣ በውኃ የቀጠነ አዮዲንም ይቀቡት። የሚቆምበትን ቦታ ጠጠር ካላፈሰሱበት ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም።

ገብስ ወይም ሌላ እህል በብዛት በልቶ ኮቴው የሞቀ፣ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ያጋደለ ፈረስ ካዩ አይከርክሙ፣ አይጋልቡም። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ብረቱ ገና የወለቀለት ፈረስ

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለስላሳ መሬት ላይ በእርምጃ ብቻ ያስኪዱት። ጠጠሩን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ያለማምዱት፣ ከዚያ ሶምሶማውን ይጨምሩ። የድሮው የሚስማር ቀዳዳ እያደገ ወርዶ የሚጠፋው በወራት ነው። ከላይ የሚጀምረው አዲስ ኮቴ ከፊት በኩል መሬት እስኪደርስ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ፈረሱ ጠጠር ላይ እየፈራ ከረገጠ ይውረዱለትና በእግርዎ ይምሩት።