ፅንሱ አምስት ቀን ምን እየበላ ይቆያል? በካልቸር ሚዲያ ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት እናት ፅንሱ ሊተላለፍላት አልጋው ላይ ተኝታ ሳለች ቀና ብላ አየችኝና «ዶክተር፣ አምስት ቀን ሙሉ ምን እየበላ ቆየ?» አለችኝ። ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

መልሱ ካልቸር ሚዲያ የምንለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ጨው፣ ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ አልቡሚን አለበት። በአይቪኤፍ (ከሰውነት ውጪ ፅንስ በሚፈጠርበት ሕክምና) ላብ፣ ማለትም ላቦራቶሪ ውስጥ የማህፀን ቱቦን ቦታ የሚተካው እሱ ነው። ለፅንሱ ምግቡም ነው፣ ቤቱም ነው። በሥራዬ እንዳየሁት ደግሞ ጥሩ ሆኖ የመጣን ሚዲያ ብዙ ጊዜ የምናበላሸው እኛው ነን።

«ምግቡ ሲበዛ ፅንሱ ይጠነክራል» ብሎ ማሰብ

ፅንስ እንደ ሕፃን አይቀለብም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግሉኮስን እምብዛም አይጠቀምም፤ ጉልበት የሚያገኘው በዋናነት ሚዲያው ውስጥ ካለው ፓይሩቬት ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። የራሱ ጂኖች በደንብ ሥራ የሚጀምሩት ከአራት እስከ ስምንት ሴል ሲደርስ፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። እስከዚያ የሚኖረው እናቱ እንቁላሏ ውስጥ በቋጠረችለት ስንቅ ነው። በአምስተኛው ቀን ገደማ ወደሚደርስበት ደረጃ፣ ወደ ብላስቶሲስት፣ ሲያመራ ግን የግሉኮስ ፍላጎቱ ይጨምራል። ስለዚህ አንዳንድ ላቦች በሦስተኛው ቀን ሚዲያ ይቀይራሉ። ሌሎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ተጠቅመው ፅንሱ የሚፈልገውን ራሱ እንዲወስድ ይተዋሉ። አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚል አጥጋቢ ማስረጃ የለም። ስህተቱ ከዚህም ከዚያም እየቀላቀሉ የራስን አሠራር መፍጠር ነው።

የባሕር ጠረፍ ከተማን ቁጥር አዲስ አበባ ላይ መገልበጥ

ይኼኛው በተለይ እኛን ይመለከታል። የሚዲያው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.4 አካባቢ መሆን አለበት። እዚያ ላይ የሚይዘው በፈሳሹ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ከኢንኩቤተሩ (ፅንሱ ከሚያድግበት ማሽን) ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚፈጥረው ሚዛን ነው። መመሪያው ለጋዙ «6 ፐርሰንት» ይላል። አዲሱ ባለሙያ ማሽኑን 6 ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ፅንሱ ግን ፐርሰንት አያውቅም። ለእሱ ቁም ነገሩ የጋዙ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ሒሳቡን ስንሠራው፣ እዚህ 6 ፐርሰንት የሚሰጠው ግፊት ባሕር ወለል ላይ 4.5 ፐርሰንት ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ፒኤቹ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፅንሱም አምስት ቀን ሙሉ ባልተስማማው ፈሳሽ ውስጥ ይከርማል። ያንኑ ግፊት እዚህ ለማግኘት ወደ 8 ፐርሰንት መጠጋት ያስፈልጋል።

እባካችሁ 8ንም ዝም ብላችሁ አትገልብጡ። የባይካርቦኔቱ መጠን ከአምራች አምራች ይለያያል። አዲስ ሎት (አንድ ላይ የተመረተ የሚዲያ ክምችት) በመጣ ቁጥር ፒኤቹን በመሣሪያ መለካት ነው። የኢንኩቤተሩ ስክሪን የሚያሳየውንም በሌላ የጋዝ መለኪያ ማመሳከር ያስፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የአይቪኤፍ ማዕከል አለው፤ የግል ማዕከላትም አሉ። አዲስ አበባ ላይ የምንሠራ ሁላችንም ከዚህ ከፍታ አናመልጥም።

ጠብታዎቹን ደርድሮ ዘይት ፍለጋ መሄድ

ፅንሱ የሚቀመጥበት ትንሽ ሳህን (ዲሽ) ሲዘጋጅ ሚዲያው በጠብታ ይደረደርና እንዳይተን በዘይት ይሸፈናል። አንዷ ጠብታ 30 ማይክሮሊትር ልትሆን ትችላለች። አንድ የሻይ ማንኪያ ከ160 በላይ እንዲህ ያሉ ጠብታዎችን ይይዛል። ከላይ የሥራ ካቢኔው አየር ይነፍሳል፣ ከታች የሞቀ ጠረጴዛ አለ። ባለሙያው አሥር ጠብታ በጥንቃቄ ደርድሮ የዘይቱን ጠርሙስ ለማንሳት ዞር ሲል ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የሚዲያ ኦስሞላሊቲ (በውስጡ የሟሟው ጨውና ሌላው ንጥረ ነገር መጠን) በአብዛኛው ከ255 እስከ 295 ነው። ትንሽ መዘግየት ከ300 ያሳልፈዋል። በዓይን ምንም አይታይም! ጠብታዋ እንደ ድሮው ክብ ናት፣ ታበራለች።

ዘዴው ቀላል ነው። ዘይቱን ቀድሞ አጠገብ ማድረግ፣ ባልሞቀ ቦታ ላይ መሥራት፣ ሁለት ሦስት ጠብታ አስቀምጦ ወዲያው ማልበስ። ዘይቱም ራሱ ከብርሃን ይጠበቅ፤ ብርሃን ሲያገኘው ለፅንስ መርዝ የሆነ ፐርኦክሳይድ ይፈጥራል።

ከኢንኩቤተር ውጪ ለመሥራት የተዘጋጀን ሚዲያ ኢንኩቤተር ውስጥ ማስገባት

ሄፔስ ወይም ሞፕስ የሚባሉ ፒኤች ጠባቂ ኬሚካሎች ያሉበት ሚዲያ የተሠራው ለተራ አየር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሲገባ አሲዳማ ይሆናል። ጠርሙሶቹ ስለሚመሳሰሉ ጽሑፉን ሁለቴ ማንበብ ነው።

«ፍሪጅ ውስጥ ነበር» ብሎ ማለፍ

ሚዲያው የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው የምናውቀው አብሮት የተላከውን የሙቀት መመዝገቢያ ካየን ብቻ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ግሉታሚን እየፈረሰ አሞኒያ ያወጣል። ብዙ አምራቾች አሁን ይበልጥ የማይፈርስ ዓይነት ይጠቀማሉ፤ ያም ሆኖ ለሞቀ ጠርሙስ ማረጋገጫ አይሆንም። ከፍሪጅ የወጣውም ወዲያው ፅንስ አይቀበልም። ሙቀቱና ጋዙ እስኪስተካከል ኢንኩቤተር ውስጥ ማደር አለበት።

ሽቶ ተቀብቶ መግባት

ዘይቱ ከአየር ላይ ብዙ ኬሚካል ይመጥጣል። ሽቶ፣ ቀለም፣ አልኮል፣ የዕጣን ጭስ። ከላቡ ጎን ቡና የሚፈላ ከሆነ ዕጣኑ ይቅር። እንግዳን ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው፣ አውቃለሁ።

በብላስቶሲስት ብዛት ብቻ መፍረድ

«እነ እንትና በዚህ ሚዲያ ብዙ ብላስቶሲስት አገኙ» ሲባል ወዲያው ለመቀየር እንቸኩላለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 836 ጥንዶችን በስድስት ክሊኒኮች፣ በሁለት ዓይነት ሚዲያ በዕጣ ከፋፍሎ ተከታተለ። በአንደኛው ሚዲያ ብዙ ጥሩ ፅንስ ተገኘ፤ እርግዝናም ጨመረ። በዚያ ሚዲያ ያደጉት ሕፃናት ግን ሲወለዱ በአማካይ 158 ግራም ቀለሉ። ልብ በሉ፣ ፅንሱ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ የቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው!

158 ግራም ብቻውን ሕፃንን በሽተኛ አያደርግም፤ ወላጆች በዚህ እንዳትደነግጡ። እኛ ባለሙያዎች ግን ሥራችን በአምስተኛው ቀን ያበቃል ብለን ማሰብ የለብንም። የሕፃኑን የልደት ክብደት ደውለን መጠየቅና መመዝገብ አለብን። አምራቾችም በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ በትክክለኛ መጠኑ ሊነግሩን ይገባል። ብዙዎቹ አሁንም አይነግሩንም።

የሎት ቁጥሩን አለመጻፍ

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አንድ የአሜሪካ አምራች ሦስት ሎት ሚዲያ ከገበያ ሰበሰበ። ከሚገባው ያነሰ ማግኒዥየም እንደነበረው ተገለጸ። በውስጡ የተቀመጡ ፅንሶች ብላስቶሲስት ሳይሆኑ ቆሙ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የማን ፅንስ በየትኛው ጠርሙስ ውስጥ እንደነበረ በደቂቃ መመለስ የሚችለው የመዘገበ ላብ ብቻ ነው። የሚዲያውም፣ የዘይቱም፣ የዲሹም ሎት ቁጥር በእያንዳንዷ እናት ፋይል ላይ ይጻፍ። ጠርሙሱ የተከፈተበት ቀንም ክዳኑ ላይ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ።