ነጭ የደም ሴል በዛ ማለት መከላከያ ጠነከረ ማለት አይደለም

የጤነኛ አዋቂ ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው። የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ወረቀታችሁ 150,000 ቢልስ? ኢንፌክሽንም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ግን እዚህ ድረስ እምብዛም አያደርሰውም፣ ሲድንም ይወርዳል። አንቲባዮቲክ በላይ በላዩ እየተወሰደ ቁጥሩ አልወርድ ካለ፣ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር መጠርጠር አለበት።

ምልክት፦ ከግራ ጎድን ሥር ይከብዳል። ሁለት ጉርሻ ያጠግባል። ሱሪው ወገብ ላይ ጠቦ ሸሚዙ ትከሻ ላይ ይሰፋል። ሌሊት ላብ ያጠምቃል።

መንስኤ፦ ጣፊያ አብጦ ጨጓራን ተጭኖታል። እኛ አገር ጣፊያ ሲያብጥ ቀድሞ የሚታሰበው ወባና ካላዛር ነው፤ ልክም ነው። ካላዛር ግን ብዙ ጊዜ ነጭ ሴልን ያሳንሳል፤ ማይሎይድ የሚባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ደግሞ ያበዛዋል። መቅኔ ውስጥ ባለ አንድ ሴል 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም (ዘረመል የሚሸከመው ክር) ቁራጭ ይለዋወጣሉ። አጥሮ የሚቀረው 22ኛው፣ በ1960 በተገኘበት ከተማ ስም ፊላደልፊያ ክሮሞዞም ይባላል። ከዚህ የሚመረተው ፕሮቲን ሴሉን ያለማቋረጥ «ተባዛ» ይለዋል። መዝጊያው እንደተሰበረ ቧንቧ በሉት። ደግሞ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ ልጆቼስ ብላችሁ አትጨነቁ።

መፍትሄ፦ ያንን ፕሮቲን የሚዘጋ ኪኒን አለ፤ ኢማቲኒብ። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2001 ነው። ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። ዓይን ዙሪያ ሊያብጥ፣ ጡንቻ ሊሸመቅቅ ይችላል፤ ለሐኪም ይነገራል እንጂ አይቋረጥም።

ምልክት፦ ወርዶ የነበረው ቁጥር ተመልሶ ወጣ።

መንስኤ፦ መጀመሪያ የኪኒኑን ዕቃ ክፈቱና ቁጠሩ። ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለውና «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ጠበል የሚሄድም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። ሳይዘለል ተውጦም ከወጣ፣ ሴሉ ተለውጦ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል።

መፍትሄ፦ የዘረመል ምርመራ፣ ከዚያ እንደ ውጤቱ ዳሳቲኒብን ወይም ኒሎቲኒብን ወደመሰለ ሌላ ኪኒን መቀየር። በራስ ጊዜ መጠን መጨመር የለም።

ምልክት፦ አንገትና ብብት ላይ የማያም ንፍፊት፣ የሚመላለስ የሳንባ ምች፣ አልማዝ ባለጭራ። ሰውየው በአብዛኛው በዕድሜ ገፋ ያለ ነው።

መንስኤ፦ ይኼኛው ሊምፎይድ የሚባለው ሌላው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ነው። ቢ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች መሞቻቸው ደርሶ አልሞት ይላሉ፤ ይከማቻሉ። በሽታ የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል ግን በወጉ አያመርቱም። ቁጥሩ ሞልቶ ሰውየው በኢንፌክሽን የሚመላለሰው ለዚህ ነው።

መፍትሄ፦ ለቤተሰብ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ «ለጊዜው መድኃኒት አልጀምርም፣ እየመጣህ ታይ» ሊል ይችላል። ችላ ብሎ አይደለም። ምልክት ሳይኖር ቀድሞ መጀመሩ ዕድሜ እንደሚያራዝም አልታየም። ደም ማነስ ከመጣ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከወረደ ወይም ንፍፊቱ ቶሎ ካደገ ይጀመራል። እስከዚያው ትኩሳት ከመጣ በፓራሲታሞል አስታግሶ ማደር የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።