ያለ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በእስያ እንግሊዝኛ ማስተማር፦ ሕጋዊውን መንገድ ለሚሹ

የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይኖረው በእስያ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ ማየት አለበት። አንደኛው «ዲግሪ ሳይጠይቅ የሚቀጥረኝ ትምህርት ቤት አገኛለሁን?» የሚለው ሲሆን፣ መምህር ያጠረው የቋንቋ ማዕከል በየትኛውም ትልቅ ከተማ ስለማይጠፋ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው። ሁለተኛው «የሀገሩ መንግሥት ያለ ዲግሪ የሥራ ፈቃድ ይሰጠኛልን?» የሚለው ነው፤ የዚህ መልስ ግን ከሀገር ሀገር ይለያያል። ብዙዎች ለመጀመሪያው ጥያቄ ያገኙትን መልስ ለሁለተኛውም እንደ መልስ ቆጥረው ትኬት ይቆርጣሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ያለ ፈቃድ ሲያስተምር የተገኘ ሰው ይቀጣል፣ ይባረራል፣ ቀጣሪው ግን በማግስቱ ሌላ መምህር ሊፈልግ ይችላል።

በሮቻቸው በግልጽ የተዘጉትን ሀገራት በአጭሩ እንለፋቸው። ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 ቪዛ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ለእንግሊዝኛም የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ ወይም የደቡብ አፍሪካ ዜግነትን ይሻል። ቻይናም ለሥራ ቪዛ ዲግሪን መሠረታዊ መስፈርት አድርጋለች። በተማሪ ወይም በንግድ ቪዛ ገብቶ ማስተማር በዚያ ሀገር የመግቢያና የመውጫ ሕግ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል፤ ጥፋቱ ከበድ ሲል ደግሞ ከ5 እስከ 15 ቀን ያሳስራል። በታይላንድ በመደበኛ ትምህርት ቤት ለማስተማር የመምህራን ምክር ቤቱ ፈቃድ ወይም ጊዜያዊ ይሁንታ ያስፈልጋል፤ ይህም ያለ ዲግሪ አይገኝም። ያለ ሥራ ፈቃድ የተገኘ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 50,000 ባት ተቀጥቶ ወደ ሀገሩ ይመለሳል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ነገር ክፍያ የሌለበት የበጎ ፈቃድ ማስተማርም በታይላንድ ሕግ እንደ ሥራ የሚቆጠርና ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ቀጥሎ በራቸውን በከፊል ገርበብ ያደረጉ ሀገራት አሉ። በታይዋን የማጠናከሪያ ትምህርት በሚሰጡ የግል ተቋማት ለመቀጠር ዲግሪ የሌለው ሰው ቢያንስ የኮሌጅ ዲፕሎማና ከእርሱ ጋር የቋንቋ ማስተማር ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል፤ ፓስፖርቱም እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋ ከሆነበት ሀገር መሆን አለበት። ቬትናምም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የቋንቋ ማዕከላት ደንብ ለአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች ተመሳሳይ ፈቃድ ሰጥታለች፤ ዲፕሎማውና ሰርተፍኬቱ አንድ ላይ ከተሟሉ ማስተማር ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በኮሌጅ የተማረ ሰው «ዲግሪ የለኝም» ብሎ ራሱን ከማግለሉ በፊት ያለውን ዲፕሎማ ከመሳቢያ አውጥቶ ማየት ይጠቅመዋል። ጃፓን ደግሞ ከትምህርት ማስረጃው ይልቅ የመኖሪያ ፈቃዱን ዓይነት ትመለከታለች። የጃፓናዊ የትዳር ጓደኛ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በሥራው ዓይነት ላይ ገደብ የለበትም። ጃፓን ስምምነት ካደረገችባቸው ሀገራት የሚመጡ ወጣቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው፣ ለዕረፍትና ለሥራ በሚሰጠው ቪዛ ማስተማር ይችላሉ። የቋንቋ ወይም የኮሌጅ ተማሪም ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ካገኘ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል።

ዲግሪ ለሌለው ሰው ከሁሉ ሰፊው በር የካምቦዲያ ነው፤ ስለዚህ ይህችን ሀገር ሰፋ አድርጎ ማየት ተገቢ ይሆናል። በፕኖም ፔንና በሲየም ሪፕ ያሉ የቋንቋ ማዕከላትና የግል ትምህርት ቤቶች ሰርተፍኬት ያለውን መምህር ያለ ዲግሪ መቅጠራቸው የተለመደ ነው፤ ትላልቆቹ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ግን ዲግሪና የመምህርነት ሙያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ወደ ሀገሪቱ ሲገቡ የሚመርጡት የቪዛ ዓይነት ወሳኝ ነው። የቱሪስት ቪዛ የሚራዘመው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለአንድ ወር ሲሆን፣ ወደ ሥራ ቪዛ ሊለወጥ አይችልም። ለሥራ የሚሄድ ሰው መውሰድ ያለበት «ኢ» ተብሎ የሚታወቀውን ተራ ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ መጀመሪያ ለ30 ቀን ይሰጥና በኋላ ሥራ ለሚፈልጉ ወይም ለተቀጠሩ ሰዎች በሚሰጠው ማራዘሚያ እየታደሰ ይቀጥላል። የሥራ ማራዘሚያውን ለማግኘት ከቀጣሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ከሠራተኛ ሚኒስቴር የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ በየዓመቱ መታደስ አለበት። የሥራ ፈቃዱን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ከመፈረም በፊት ይጠይቁ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይከፍላሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ከመምህሩ ደመወዝ ይቆርጣሉ። ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነው። ክፍያው በሰዓት ከሆነ በሚያዝያ አጋማሽ የሚውለው የክሜር አዲስ ዓመትና በመስከረም ወይም በጥቅምት አካባቢ የሚከበረው የፕቹም ቤን በዓል ገቢ የሌለባቸው ሳምንታት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የወር ገቢዎን በሙሉ ሳምንታት ቁጥር ብቻ አያስሉ።

ስለ ፓስፖርት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ደቡብ ኮሪያ ዜግነታቸውን ከምትቀበላቸው ከላይ ከተዘረዘሩት ሰባት የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሀገራት ውጭ የሆነ ፓስፖርት የያዘ ሰው በእስያ የሥራ ገበያ ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ አንዴ በዲግሪው፣ አንዴ በዜግነቱ። ይህ አሠራር በእኔ እምነት ፍትሐዊ አይደለም፤ እንግሊዝኛን በልጅነቱ ያለ ጥረት የለመደ ሰው ሊያስረዳው ያልቻለውን የሰዋስው ሕግ ራሱ ተቸግሮ የተማረው ሰው በሚገባ ሊያስረዳ ይችላልና። ሆኖም እውነታው ይህ ስለሆነ ዝግጅቱ የበለጠ መሆን አለበት። አይኢኤልቲኤስን በመሰለ የታወቀ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የተገኘ ከፍተኛ ውጤት፣ የማስተማር ልምድን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃና በቪዲዮ የተቀረጸ አጭር የክፍል ትምህርት ከማመልከቻ ደብዳቤ በላይ ይናገራሉ።

ዲግሪ የሌለው ሰው ገንዘቡን ሊያወጣበት የሚገባው ቀዳሚ ነገር ጥሩ የማስተማር ሰርተፍኬት ነው። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡ «የ120 ሰዓት ቴፍል» (እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር) ኮርሶች ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ ለአንዳንድ ቀጣሪዎች መስፈርቱን ያሟላሉ፣ ነገር ግን ተማሪ ፊት ሳይቆሙ የሚጠናቀቁ በመሆናቸው የክፍል ልምድ አይሰጡም። ሴልታ የተባለው የካምብሪጅ ሰርተፍኬትና የለንደኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ሰርት ቴሶል ግን እያንዳንዳቸው እውነተኛ ተማሪዎችን ለ6 ሰዓት በአሠልጣኝ ፊት ማስተማርን ያካትታሉ። ሴልታ በሙሉ ጊዜ በአራት ሳምንት አካባቢ ይጠናቀቃል፤ የሚጠይቀውም ዲግሪ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃ የትምህርት ደረጃና ጠንካራ እንግሊዝኛ ነው። ዋጋው ከባድ ነው፤ ቢሆንም ከሦስት ርካሽ ወረቀቶች ይልቅ አንዱ ይህ ቢሆን እመርጣለሁ።

ከሰርተፍኬቱ ጋር ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ፓስፖርት ይዘጋጃሉ። ሰነድ የሚረጋገጠው በአብዛኛው በወጣበት ሀገር በመሆኑ ከጉዞ በፊት ማስጨረስ ብዙ እንግልት ያስቀራል። ሐሰተኛ ዲግሪ ለማሠራት የሚገፋፋዎት ሰው ካጋጠመዎት ግን በጭራሽ አይስሙት። መሥሪያ ቤቶች ዲግሪውን ሰጥቷል ለተባለው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ጽፈው ማጣራት ይችላሉ፤ በሐሰተኛ ሰነድ መጠቀም ደግሞ ከቪዛ ጥሰት አልፎ ወንጀል ነው።

ሥራ ሲፈልጉ በጣም መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ጉዳይ አለ። በምያንማር፣ በተለይ ከታይላንድ ድንበር አጠገብ ባለችው ምያዋዲ አካባቢ፣ እንዲሁም በካምቦዲያ አንዳንድ ስፍራዎች፣ ሰዎችን በሥራ ማስታወቂያ እያታለሉ ወስደው በግዳጅ የኢንተርኔት ማጭበርበር የሚያሠሩ ግቢዎች ተስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከምያዋዲ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት ሰዎች መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስለዚህ ትኬት እንደሚቆርጥልዎት፣ ቃለ መጠይቁ በጽሑፍ መልእክት ብቻ እንደሚያልቅና ደመወዙ ከሌሎች እጥፍ እንደሆነ የሚነግርዎትን ሰው አይመኑ። የትምህርት ቤቱን አድራሻ በካርታ ላይ ይፈልጉ፤ በቪዲዮ ክፍሎቹን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ አሁን እዚያ ከሚያስተምር የውጭ መምህር ጋር በቀጥታ ይነጋገሩ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ አጭበርባሪዎችን ያጋልጣል። ለማስተማር ገንዘብ ክፈሉ የሚሉ የሕፃናት ማሳደጊያዎችንም ይራቁ፤ በካምቦዲያ በእነዚህ ማሳደጊያዎች ከሚኖሩት ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ እንዳላቸው ተረጋግጧል፤ የጎብኚው ገንዘብም ልጆቹን ከቤተሰባቸው ማራቁን ያበረታታል።

ውሉን ሲያነቡ የሰዓቱን ዝርዝር በሚገባ ይመልከቱ። በሳምንት 25 ሰዓት የክፍል ማስተማር የሚለው ውል ከዝግጅት፣ ከእርማትና ከስብሰባ ጋር ወደ 40 ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። የበዓላት ክፍያ፣ ሥራ ለመልቀቅ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ውል ሲፈርስ የሚቆረጥ ገንዘብ መኖር አለመኖሩ በጽሑፍ መስፈር አለባቸው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ከሆነ በፍርድ ቤት የሚጸናው ብዙ ጊዜ የሀገሩ ቋንቋ ቅጂ ስለሆነ ገለልተኛ ሰው ያስነብቡ። ፓስፖርትዎን ለቪዛ ጉዳይ ለጥቂት ቀናት ሊሰጡ ይችላሉ፤ «እኛ ጋ ይቀመጥልዎት» ለሚል ቀጣሪ ግን አይስጡ። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ ቢያንስ የሁለት ወር የኑሮ ወጪና የመመለሻ ትኬት ዋጋ የሚሆን ገንዘብ በእጅ መኖር አለበት።

ቀጣሪው ከቃለ መጠይቁ በኋላ አጭር የሙከራ ትምህርት እንዲያስተምሩ ይጠይቅዎታል፤ ዲግሪ የሌለው መምህር ብቃቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ያወቁትን ሁሉ በ20 ደቂቃ ለመናገር ይሞክራሉ። ጥሩ የሙከራ ትምህርት ግን አንድ ነገር ብቻ ያስተምራል፤ ለምሳሌ ትናንት ስለተደረገ ነገር መናገርን። ሁኔታውን በሥዕል ወይም በድርጊት ያሳዩ፣ ዓረፍተ ነገሩን ደጋግመው ያሰሙ፣ ተማሪዎቹ አብረው ከዚያም ተራ በተራ እንዲሉት ያድርጉ፣ በመጨረሻም ጥንድ ሆነው ስለ ራሳቸው ትናንት እንዲጠያየቁ ይተዉአቸው። «ገባችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ ያልገባውም «አዎ» ይላልና። በምትኩ «ድርጊቱ አልቋል ወይስ ገና እየሆነ ነው?» ብለው መረዳታቸውን ያጣሩ።

የተማሪዎችዎን ቋንቋ ጥቂት ማወቅ እርማትዎን ያቃናል። በክሜር፣ በታይና በቬትናምኛ ግሶች በጊዜ ምክንያት ቅርጻቸውን አይለውጡም፤ ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛ የኃላፊ ጊዜ ምልክቱን ሲተው ስንፍና አይደለም። እነዚሁ ተናጋሪዎች በቃል መጨረሻ የሚመጡ ድምፆችን፣ በተለይ ተነባቢዎች ሲደራረቡ፣ መዋጥ ይቀናቸዋል። ጃፓናዊው ተማሪ «ል»ንና «ር»ን መለየት ይከብደዋል፤ በጃፓንኛም በኮሪያኛም እንደ እንግሊዝኛው ያለ መስተአምር («a»ንና «the»ን የመሰለ ከስም በፊት የሚገባ ቃል) ስለሌለ በዚያ ላይ የሚሠራው ስህተት ለዓመታት ይዘልቃል። ሁሉንም ስህተት በአንድ ጊዜ ከማረም የዕለቱን ትምህርት የሚመለከተውን ብቻ ማረም ተማሪው አፉን እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ሥራው ከተደላደለ በኋላ በርቀት ትምህርት ዲግሪ መጀመርን በቁም ነገር ያስቡበት። ከመመዝገብዎ በፊት ግን በኋላ ሊሠሩበት የሚፈልጉት ሀገር የርቀት ዲግሪን ለሥራ ፈቃድ ይቀበል እንደሆነ ከኤምባሲው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንዳንድ ሀገራት በአካል ተገኝተው ያልተማሩትን ዲግሪ አይቀበሉም።